የደጁ ሰው

ሠላሳ አንድ ዓመት ከመጋረጃ ኋላ
በባትሪ ብርሃን ደብተር ስገላልጥ፣
ቃል ለጠፋው ሁሉ በሹክሹክታ ስሰጥ፣
ለስንቱ ደረስኩለት!
ለቢምረው ብቻ ምንም አልሆንኩለት።
እሱ ምን ይረሳል? ድርሻው አንዲት መስመር፤
«ጌታዬ፣ መልእክተኛ ከደጅ ቆሟል» ብሎ፣ እጅ ነሥቶ መዞር።

ቀን ቀን የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው፤
ከአራዳ እስከ ቀሐ፣ ከቀሐ ማራኪ፣
በየሰው አጥር ሥር የብረት ክዳን ከፍቶ
ቁጥር ይመዘግባል፣
ከባለቤት ታርቆ፣ ከውሻ ተጣልቶ።
ማታ ግን ዘበኛ፤ ማታ ግን ሌባ ነው፤
የዳኛ ጸሐፊ፣ ቃሬዛ ተሸካሚ፣
አንዳንዴም ሬሳው።
ሞቶ ሲጋደም እንኳ ትንፋሹን ቆጥቦ፣
በላዩ የሚያለቅሰው እንዳይስቅ አስቦ።

ጎንደር ላይ መንገሥ ምን ይቸግራል?
ግንቡ ከቆመ ቆየ፤ አናጢ አያሻም፤
ካባ የደረበ ሁሉ «የኔ ነው» ይላል።
ጭንቁ ዘበኛው ነው።
አንድ ሰዓት ተኩል ጦር ይዞ ተገትሮ፣
ያን የካርቶን ዘውድ በዓይኑ ብቻ ፈርቶ
ወርቅ የሚያደርገው።

አንድ ክረምት አራጣ አበዳሪ ሆነ፤
የሙት ልጆች በሬ ነድቶ የወሰደ።
በማግስቱ ጧት ቅዳሜ ገበያ ወረደ፤
ሁለት ቁና ሽምብራ ስፈሪልኝ ቢላት፣
እመት ደብሬ ቁናዋን ደፋችው በቁጣ፤
«ለአንተ አልሸጥም! ይልቅ የልጆቹን በሬ አምጣ!»
ባዶ ስልቻውን በትከሻው ጥሎ
እየሳቀ መጣ፣ «አመነችኝ!» ብሎ።
ያን ሳምንት ከቤቱ ሽሮ አልነበረም።
ሚስቱ አትጠገብ ግን ይህን ስትሰማ አልሳቀችም።

አንድ ማታ ደግሞ
ንጉሣችን መኪና ተበላሽቶበት ወረታ ላይ ቀረ።
አዘጋጁ ዞረ፣ ዞረና ጮኸ፤ «ቢምረው፣ ልበስ!»
ቃሉን አንድ ባንድ ያውቀዋል፤ የኔን ደብተር አልጠበቀም፤
ዙፋን ላይ ተቀመጠ፣ ድምፁም አልተንቀጠቀጠም።
ብቻ መልእክተኛ በገባ ቁጥር
ይነሣል!
ንጉሡ ብድግ ይላል፣ ወንበሩን ይለቃል፣
ግድግዳ ይጠጋል፣
በባዶ መዳፉ ጦሩን ይፈልጋል።
አዳራሹ በሳቅ ተናደ።
እኔ የትኛውን ገጽ እንደማነብለት ጠፋኝ፤
ለዚህ የተጻፈ ቃል አልነበረም።

ከአዲስ አበባ የፊልም ሰዎች መጥተው
ከግንቡ ሥር አቆሙት፣ በቅሎ አስይዘው።
አራት ሰከንድ።
ከአራቱ ሁለቱ የበቅሎዋ ጆሮ ነው።
ፒያሳ ሲኒማ ቤት ሲታይ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተጠርቶ ሄደ፤
ዓይናችንን ስንጠርግ አለፈ።
«አያችሁኝ?» አለ።
«አየንህ» አልን።
የልጁ ልጅ ብቻ አልዋሸም፤ «በቅሎዋን አየኋት።»
«እሷማ» አለ ቢምረው፣ ልጁን ራሱን እየዳበሰ፣
«እሷማ ጥሩ አድርጋ ነው የተጫወተችው።»

አሁን ጡረታ ነው። ጉልበቱ መቆም እምቢ ብሏል።
በትያትር ቀን ይመጣል፤ ከኋላ ረድፍ፣ ከበሩ አጠገብ፣
ጋቢውን አጣፍቶ ይቀመጣል።
«ፊት ና» ቢሉት አይሰማም፤
በር ሳይጠብቅ አይሆንለትም።

ባለፈው እሑድ አዲሱ ዘበኛ፣ የአዘዞው ልጅ፣
ጦሩን እንደጨበጠ፣ አፉን እንደከፈተ ቀረ።
ንጉሡ ይጠብቃል። ሕዝቡ ያስላል።
እኔ ገጽ እፈልጋለሁ፤ ባትሪዬ ደክሟል፣
መነጽሬን ላብ ሸፍኖታል፣
እጄ ሁለት ገጽ አንድ ላይ ይገልጣል።

ያኔ ከኋላ፣ ከጨለማው፣
ሳይጮህ፣ ሳይቸኩል፣
«ጌታዬ፣ መልእክተኛ ከደጅ ቆሟል።»

ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ።
እኔም፣ ቃሉን ሠላሳ አንድ ዓመት የማውቀው፣
ዞርኩ።